የቦይ ቁጥር አርባ ሰባት ሽማግሎች

በሁለት ሺህ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ያለማቋረጥ መቆፈር ከጀመረች አርባ ዓመት ሆኗት ነበር። ነገሩ የተጀመረው እንደ ቀልድ ነው። የቧንቧ ሰዎች ቆፍረው ቧንቧቸውን ቀበሩ። እነሱ አስፋልቱን ደፍነው ላባቸውን ሳይጠርጉ የገመድ ሰዎች መጥተው ቆፈሩ። የገመድ ሰዎች ሲሄዱ የፍሳሽ ሰዎች መጡ። ኋላ ሦስቱን የሚያስማማ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመና፣ ማን ምኑን የት እንደቀበረ ለማወቅ ሁሉንም እንደ አዲስ ቆፈረው። በሁለት ሺህ ሠላሳ ስድስት ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት መድፈን የሚባለውን ሥራ በአብላጫ ድምፅ ሰረዘ። ነገ ለሚቆፈር ጉድጓድ ዛሬ አፈር መመለስ አፈሩንም ሰውንም ማድከም ነው ተባለ። የተቃወመ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰው በቦይ መሄድ ለመደ። ድሮ መንገድ ላይ ነበር፣ አሁን ታች ነው፤ ልዩነቱ ይኼው ነው። ሠራተኛ ጠዋት በመሰላል ይወርዳል፣ ማታ በመሰላል ይወጣል። ሴቶች ለቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ይከናነቡና ከነጠላው በላይ ሄልሜት ይደፉበታል፤ ለሐዘን ጥቁር፣ ለሠርግ ነጭ። ሕፃን አንደኛ ክፍል ሲገባ ከሀ ሁ ቀድሞ የሚማረው አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ እንደሚመዝን ነው። «አፈር ብላ» የሚለው ስድብ በሕግ ተከልክሏል። ስድብ ሳይሆን ዛቻ ነው ተብሎ።

ትርንጎ ሚልኪያስ የቦይ ደህንነት ተቆጣጣሪ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟ የዘመኑ ስም ነው፤ የእሷ እኩዮች ትርንጎ፣ ድንበሩ፣ ዘለቃሽ ይባላሉ። ኤልዳና፣ ያፌት፣ ኪሩቤል የመሳሰሉት የአሮጊትና የሽማግሌ ስሞች ሆነዋል። ሥራዋ ለመጠላት የተዘጋጀ ልብ ብቻ ይጠይቃል። መሰላል ሳይርቅ በየጥቂት እርምጃው መኖሩን ታያለች፣ የወጣው አፈር ከጉድጓዱ አፍ አንድ ሜትር መራቁን ትለካለች፣ የግድግዳው ደጋፊ ብረት መቆሙን እየገፋች ትፈትናለች። ከጎደለ «አይቻልም» ትላለች። ሰፈሩ ያወጣላት ስም «ወይዘሪት አይቻልም» ነው።

በየቦዩ አፍ ደግሞ አፈር የሚያዳምጥ ማሽን ተተክሏል። መጀመሪያ ሲመጣ አፈሩ መሰንጠቅ ሲጀምር «ውጣ!» ብሎ ይጮህ ነበር። ሕዝቡ ቅር አለው። ውጣ ማለት ምን ማለት ነው? ውሻ ነን? የአንድ ሰፈር አዛውንቶች ማሽኑ አንተ ብሎናል ብለው አቤት አሉ። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ታረመ። በመጨረሻው እርማት፣ ሰላምታ ሳያቀርብና ተገቢውን መልስ ሳይቀበል ምንም ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንዳይናገር ተደነገገ። ትርንጎ በስብሰባው ላይ ተነሥታ «ሰው ይሞታል!» ብላ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ «አንዲት ወጣት አስተያየት ሰጥታለች» ተብሎ ሰፈረ።

በሐምሌ የመጨረሻው እሁድ ጠዋት ግን ትርንጎ ሥራ ላይ አልነበረችም። ጓዳ ተዘግቶባት ፀጉሯን እየተሠራች ነበር። የድንበሩ ሽማግሎች ሊመጡ ነው።

ድንበሩ የኤክስካቫተር ሹፌር ነው። ትርንጎ ለምን እንደወደደችው እናቷ ሲጠይቋት «ማሽኑን ከጉድጓድ አፍ ሁለት ሜትር አርቆ የሚያቆም ብቸኛው ሰው ነው» ብላ መለሰች። ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ለእናት የሚነገረው ግን ይኼኛው ነው። ችግሩ የድንበሩ ቤተሰብ ነው። ጨዋ ናቸው፤ በሚያስፈራ መጠን ጨዋ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ለታላቅ ወንድሙ ሊለምኑ ሄደው፣ ልጅቷ ደጅ ቆማ ጥርሷን እያሳየች ስትስቅ ስላዩ ብቻ ከበር ተመልሰዋል። ወንድምዬው እስከ ዛሬ አላገባም።

«ዛሬ አትታይም» አሏት እናቷ ወይዘሮ ኤልዳና፣ ሹሩባውን እየጎነጎኑ። «ድምፅሽም አይሰማም። ካስነጠሰሽ ትራስ ውስጥ።»

«ቢያስለኝስ?»

«ሙሽራ አይስላትም።»

አባቷ አቶ ሚልኪያስ ሽማግሌ እንደሚመጣባቸው ከወር በፊት ያውቃሉ። ወጉ ግን አለማወቅ ነው። ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሳሎን ውስጥ ተገትረዋል።

አራት ሰዓት ሲሆን የትርንጎ የእጅ አምባር ነዘረ። የሥራ አምባር ነው፤ እሁድም አይተኛም። ቦይ ቁጥር አርባ ሰባት፣ የቀኝ ግድግዳ። ቁጥር አርባ ሰባት ከገዛ ቤታቸው ደጅ የሚያልፈው ነው። ግማሽ ሹሩባዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ብድግ አለች።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የወጣው አፈር ክምር እስከ አፉ ድረስ ተጠግቶ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይታያል። ይኼ ሁሉ ክፉ ነው፤ የባሰው ግን ዓርብ እሷ ራሷ የቆጠረቻቸው ዐሥራ ሁለት ደጋፊ ብረቶች አለመኖራቸው ነው። ዓይኗን ወደ ግራ ስታዞር አገኘቻቸው። አራት ቤት አልፎ ቅዳሜ ሰው የሞተበት ደጅ ላይ፣ የዕድሩን ድንኳን ተሸክመው ቆመዋል። የዕድሩ ዳኛ አባቷ ናቸው። ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል፣ ላልሞቱት የቆመውን ብረት አስነቅለዋል።

እና በዚያው ሦስት ሜትር ተኩል በሚጠልቀው ቦይ ውስጥ፣ ከስንጥቁ ሥር፣ ነጭ ጋቢና ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ሦስት ሽማግሎች በዱላቸው ጭቃውን እየፈተሹ ቀስ ብለው ይመጣሉ።

ፊተኛው ጋሽ ያፌት ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር። መካከል ላይ የድንበሩ የንስሐ አባት መምሬ ናትናኤል አሉ። ኋላ የሚመጡት ሰፊው ሰውዬ የድንበሩ አጎት አቶ ኪሩቤል ናቸው፤ ሁለቱን ለምነው ያመጡ እሳቸው ናቸው። ከመሰላሉ ሥር ሲደርሱ ማሽኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደምን አደራችሁ ጌቶቼ? ሌሊቱ ደህና ነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጋሽ ያፌት ሄልሜታቸውን ከፍ አድርገው። «አንተስ እንደምን አደርክ?»

«ደህና ነኝ። ቤተሰብስ? ልጆች?»

«ሁሉም ደህና። ያንተስ ቤተሰብ?»

ማሽኑ ለዚህ መልስ አልተሰጠውም ነበር። «እኔ ቤተሰብ የለኝም» አለ።

«ውይ!» አሉ አቶ ኪሩቤል።

«አይዞህ፣ እሱ ያውቃል» አሉ መምሬ። ሦስቱም እዚያው ቆመው አዘኑለት።

ትርንጎ ከመስኮቱ ስትመለስ እናቷ በሩን በጀርባቸው ዘግተው ጠበቋት። «በሞቴ! በሞቴ አትውጪ! ያዩሽና ይመለሳሉ!»

«እማዬ፣ ካልወጣሁ የሚመለሱበት እግር አይኖራቸውም» አለችና በክንዳቸው ሥር ሾልካ ሄደች።

ከጉድጓዱ አፍ ሁለት ሜትር ሲቀራት ሳንቃ ወርውራ በደረቷ ተኛችበት። ደንቡ ነው፤ የተሰነጠቀ አፍ ላይ አይቆምም። ዘሎ መግባት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን የተማረችው ይኼን ነው፦ ሊያድን ዘሎ የገባ ሁለተኛው ሬሳ ይሆናል።

«አባቶቼ! ግድግዳው ሊደረመስ ነው! በመሰላሉ ውጡ፣ አሁኑኑ!»

ሦስት ነጭ ሄልሜቶች ቀና አሉ።

«ይቺ ናት?» አሉ አቶ ኪሩቤል በሹክሹክታ፣ ሹክሹክታው ግን ሰፈር ይሰማል።

«እሷ ሳትሆን አትቀርም። ፀጉሯ ግማሹ ነው የተሠራው» አሉ መምሬ።

«ልጄ፣ እንደምን አደርሽ?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ እናቴም አባቴም ደህና ናቸው! ውጡልኝ!»

እብጠቱ ላይ ያለው አፈር ዝርግፍ አለና የመምሬ ጫማ ላይ ወደቀ። ይኼን ጊዜ ሦስቱም ነገሩ እውነት መሆኑ ገባቸው። ደንግጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። የደነገጠ ጨዋ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ጨዋ ነው።

«ጋሽ ያፌት፣ ይቅደሙ» አሉ መምሬ ወደ መሰላሉ እያመለከቱ።

«እኔ? ካህን ከኋላዬ አስከትዬ? ምን ቆርጦኝ!»

«ዕድሜ ይቀድማል።»

«ቤተ ክህነት ይቀድማል። ኧረ በእመቤቴ ይቅደሙ።»

ሁለቱም ወደ አቶ ኪሩቤል ዞሩ። አቶ ኪሩቤል ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «እኔ ለምኜ ያመጣኋችሁ ሰው? እናንተን ታች ጥዬ ልውጣ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ማንም ምንም አይልም!» ጮኸች ትርንጎ። «መምሬ፣ እርስዎ መጀመሪያ! በሕግ አዝዣለሁ!»

ጋሽ ያፌት ርእሰ መምህር ናቸውና ጣታቸውን አነሡ። «ሕጉ ማን እንደሚቀድም በግልጽ ይደነግጋል?»

አይደነግግም። ውሸት አልመጣላትም። «አይ፣ እሱን... አይልም።»

«እንግዲያው ሕጉ ጎደሎ ነው» አሉ ጋሽ ያፌት፤ ይኼን ሲሉ ጋቢያቸው ላይ አፈር ይወርድባቸዋል። «መምሬ፣ ይቅደሙ እንጂ፣ ልጅቷን አናስጨንቃት።»

«ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል?» አለ ማሽኑ።

ትርንጎ ፈራች። ስድስት ዓመት ጉድጓድ ስትቆጣጠር በጭቃ የሞተ፣ በጋዝ የሞተ፣ የተቀበረ ገመድ ቆርጦ የሞተ ሰው ዘገባ ጽፋለች፤ በ«ይቅደሙ» የሞተ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አታውቅም። ለምን ሰውን ማዘዝ ብቻ ተማረች? ማጣደፍስ ማን ያስተምራል? እነዚህን ሰዎች በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ ያጣደፋቸው ነገር ምንድን ነው?

ያን ጊዜ መጣላት።

ታክሲ የሚባለው ከከተማው ከጠፋ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ጎማ የሚረግጠው መሬት የለማ። አዛውንቶቹ ግን አልረሱትም። ድግስ ላይ ሁለት ብርሌ ሲቀምሱ ስለ ግፊያው፣ በመስኮት ስለገቡበት፣ ለአንድ ወንበር ከባልንጀራቸው ጋር ስለተጓተቱበት ዘመን እያወሩ ዕንባ ይቀድማቸዋል። የረዳቶቹንም ጥሪ ይጠሩታል። ትርንጎ እናቷ ሲጠሩት እየሰማች ነው ያደገችው። ያ ትውልድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ግማሽ ሰዓት «ይቅደሙ» ይባባላል፤ ታክሲ በር ላይ ግን አንድም ቀን አልተባባለም።

ምን እንደሚያስከትልባትም ገብቷታል። በአንድ የደጅ ሳቅ ብቻ የሚመለሱ ሰዎች፣ ሙሽሪት እንደ ወያላ ስትጮህባቸው ምን ሊሉ ነው? ድንበሩን አጣችው ማለት ነው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል አሰበችው፤ አንገበገባት። ከዚያ እጇን አፏ ጎን ላይ አደረገች።

«መገናኛ! መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው! የሞላ!»

ጋሽ ያፌት ዱላቸውን ጣሉ። «ቆይ! አለሁ!»

«ሰልፍ አለ እኮ!» አሉ መምሬ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው በጋሽ ያፌትና በመሰላሉ መካከል እየገቡ። ጋሽ ያፌት ክርናቸውን የመምሬ ጎን ላይ ሰክተው አለፉ። አቶ ኪሩቤል አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ላይ ጥለዋል፤ ሌባ እንዳይገባበት። በሌላኛው እጃቸው የመምሬን ትከሻ ይገፋሉ። የሰባ አራት ዓመቱ ሽማግሌ መሰላሉን እንደ ጎረምሳ ወጡት፤ ላይ ሲደርሱ ትርንጎ በጋቢያቸው ጎትታ ወደ ኋላ ወረወረቻቸው።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው!»

የድሮ ረዳቶች ታክሲው ባዶውን ቆሞም የቀረው አንድ ሰው ነው ይሉ ነበር አሉ። ሁሉም ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ ሁሉም ይሮጣል። መምሬም ሮጡ፣ ወጡ።

አቶ ኪሩቤል ቀሩ። መሰላሉ ከሥራቸው ጎበጠ። አራተኛው ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ፤ ግድግዳው ከኋላቸው በቁመቱ ሙሉ ተከፈተ። ትርንጎ የመጨረሻውን ቃል አወጣች።

«ሳበው!»

«ሹፌር! ቆይ! ቆይ እንጂ፣ እየገባሁ ነው!» ብለው አቶ ኪሩቤል የቀሩትን ደረጃዎች ሁለት ሁለቱን ረገጧቸው። በሦስት ሰው ጉተታ እሳቸውም ወጡ።

ግድግዳው ሄደ። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም፤ ጆንያ ጤፍ ሲወርድ እንደሚሰማው ነው። ነገር ግን ቤቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ አቧራው ሲረጋ ቦዩም የለም፣ መሰላሉም የለም፣ የጋሽ ያፌት ዱላም የለም። ከአፈሩ ሥር የታፈነ ድምፅ መጣ።

«እንግዲህ ክረምቱ ደህና ከያዛችሁ፣ ካላስቸገርኳችሁ አንድ ነገር ላሳውቃችሁ ነበር።»

ሦስቱ ሽማግሎች እርስ በርስ መተያየት አቅቷቸው ጋቢያቸውን ያራግፋሉ። ወይዘሮ ኤልዳና በር ላይ ጉንጫቸውን ይዘው «ጉድ! ጉድ!» ይላሉ። ትርንጎ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ ሽማግሎቹ እስኪመለሱ ጠበቀች።

አልተመለሱም። ሳሎን ገቡ።

አቶ ሚልኪያስ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም ነበር። ቤቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ብርጭቆ ሲረግፍ፣ ልጃቸው «መገናኛ!» ስትል ሰምተዋል፤ ግን ምንም አለማወቅ ነው ወጉ፣ አላወቁም። አሁን ከእግር እስከ ራስ ጭቃ የሆኑ ሦስት ሰዎች ፊታቸው ቆመዋል። ሽማግሌ ጉዳዩ ካልተያዘለት አይቀመጥም፤ «ተቀመጡ» ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ስለዚህ ቆሙ።

«ደህና አደራችሁ? ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ አቶ ሚልኪያስ።

ጋሽ ያፌት የሌለውን ዱላቸውን በእጃቸው ፈለጉ። ትርንጎ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ትንፋሿን ያዘች።

«አቶ ሚልኪያስ፣ ከቤት ስንወጣ ያማረ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር» አሉ ጋሽ ያፌት። «እታች ቀርቷል። ዛሬ መምሬን በክርኔ ጎሽሜ አልፌያቸዋለሁ። በጣም አፍሬያለሁ። ግን ለማፈርም በሕይወት መኖር ያስፈልጋል፤ ይኼን ያገኘነው በልጅዎ ነው።»

«ጎኔን ያመኛል፤ ግን እውነት ነው» አሉ መምሬ።

«ስንመጣ የምንፈልገው ጨዋ ልጅ ነበር። ለልጃችን ለድንበሩ ጨዋ ልጅ እንፈልግለት ብለን። አሁን ሐሳባችንን ለውጠናል። ጨዋስ እኛ ቤት ሞልቷል፣ ሊገድለን ነው። እሷን ስጡን።»

ትርንጎ የበሩን እጀታ ጨበጠች። አቶ ሚልኪያስም ደስታው ፊታቸው ላይ ፈሰሰ፣ ጢማቸው ሥር ደበቁት። ወግ ግን ወግ ነው። ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም።

«መልካም ነው» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እንግዲህ ዘመድ እናማክራለን፣ ልጅቷንም እንጠይቃለን። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።»

ሦስቱ ሽማግሎች ራሳቸውን ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የጓዳው በር ተከፈተ። «አባዬ፣ አይመለሱም» አለች ትርንጎ።

«አንቺ!» አሉ እናቷ።

«ቦይ ቁጥር አርባ ሰባት ከዛሬ ጀምሮ በፊርማዬ ታሽጓል። ዘመድ እስክታማክር እነዚህን አባቶች ሁለተኛ አፈር ውስጥ አልከታቸውም። ልጅቷን ለመጠየቅ ከሆነ ልጅቷ እዚህ ናት፤ እሺ ብላለች።» በመስኮቱ ወደ ዕድሩ ድንኳን አመለከተች። «ዐሥራ ሁለቱ ብረት የት እንዳለ ታውቃለህ፣ አባዬ?»

አቶ ሚልኪያስ ያውቃሉ። ከጠዋት ጀምሮ አላውቅም ካሉባቸው ነገሮች ሁሉ ይኼን አንዱን ብቻ በእውነት አላሰቡትም ነበር። የጋሽ ያፌትን ጭቃ የጠጣ ጋቢ አዩ፣ የመምሬን የተቧጨረ እጅ አዩ። የራሳቸውን የተወለወለ ጫማ አዩ።

«ድንኳኑ ምሰሶ አጥሮት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለአንድ ሳምንት ምን ይሆናል ብዬ።»

ከዚያ ተነሡ፤ በገዛ እጃቸው ሦስት ወንበር ከጠረጴዛው ሥር እየሳቡ ደረደሩ።

«ተቀመጡ» አሉ።

ወይዘሮ ኤልዳና እልል አሉ። ትርንጎ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ግማሽ ሹሩባዋ ፊቷ ላይ ተዘርግፎ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች።

እናቷ እልልታቸውን አቋርጠው ለሽማግሎቹ በኩራት አሳዩአት። «እዩልኝ፣ ስታለቅስ! ማልቀሱን እንኳ እንደ ወጉ አደረገችው!»